በ6 ሰዓት ወደ ኋላ፦ በወሎ ተራሮች የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለተራራ ተጓዥ የተሠራ ይመስለኛል። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው። ስትጠልቅም 12 ሰዓት ነው። መሐል ላይ 6 ሰዓት አለ። ሰዓትህን አየት ስታደርግ ከቀኑ ስንቱን እንደበላኸው ወዲያው ይነግርሃል። 4 ሰዓት ከሆነ አራቱ ሄዷል፣ ስምንቱ ቀርቷል። ይህችን ቀላል ነገር ልብ ያላልኩባት ቀን ተራራ ላይ መሽቶብኛል።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከደሴ ተነስተን ጦሳን ለመውጣት ነበር ሐሳባችን። ጦሳ እኮ ከከተማው በላይ ቆሞ ሁልጊዜ የሚታይ ተራራ ነው። ቅርብ ይመስላል። ስለዚህ ቁርስ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ የዘገየ ጓደኛ ጠበቅን። ስንነሳ 4 ሰዓት ሆኗል። ላይ ደርሰን ከተማውን ቁልቁል እያየን ስንጫወት 9 ሰዓት አለፈ። ከዚያ ጉም መጣ። ስንወርድ የአንዱ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚት ዞረ። 12 ሰዓት ሲሆን ገና ግማሽ ቁልቁለት ላይ ነበርን፣ በአንድ ስልክ መብራት። ከብቶቻቸውን አስገብተው ድምፃችንን የሰሙ አንድ አባት መጡ። «አብሽሩ ልጆቼ» አሉንና እስከ መንገዱ አደረሱን። ጓደኛችን በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጉዞ የማቅደው ከመመለሻው ተነስቼ ነው።

ይህ መመሪያ መካከለኛ ለሆነ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። መካከለኛ የምለው ገመድ የማይፈልግ፣ ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 14 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ ከ500 እስከ 800 ሜትር የሆነውን ነው። ጤነኛ ሆኖ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የሚራመድ ሰው ይወጣዋል። ምሳሌ የማደርገው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ያለውን መንገድ ነው። ስሌቱን ግን ለጦሳም፣ ለሌላውም ተራራ ትጠቀሙበታላችሁ።

1. መጀመሪያ ሰላሙን ጠይቁ

ይህን ከጫማም ከስንቅም አስቀድሜዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከሳምንት በፊት ሄዶ የመጣ ሰው የነገራችሁ መረጃ አርጅቷል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት፣ ከዚያም በዕለቱ ጠዋት፣ እዚያው አካባቢ ለሚኖር ሰው ደውሉ። ሆቴል ያለ፣ ሹፌር የሆነ፣ አስጎብኚ የሆነ ሰው ይሁን። አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ከነገሯችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። «እስቲ ሄደን እንየው» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ። የታጠቀ ሰው፣ ኬላ፣ ካምፕ ፎቶ አታንሱ። ሌላም አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ወልዲያን፣ ላሊበላን ነክቷል። በኮረብቶቹ ላይ ምሽግ ተቆፍሮ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ያልፈነዳ ነገር ሊገኝ ይችላል። ሜዳ ላይ ወድቆ ያያችሁትን የብረት ነገር አትንኩ፣ በእግራችሁም አትግፉ። ሰውና ከብት ከሚመላለስበት መንገድ አትውጡ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ይህንን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው።

2. ቦታውን በአቅማችሁ ምረጡ

ወሎ ውስጥ አማራጭ ሞልቷል። ደሴ ያለ ሰው በጦሳ ይጀምር። ኮምቦልቻ ያለ የይጎፍን ደን ያውቃል። ጥላ የሚወድ ሰው እዚያ ይደሰታል። ወደ ሰሜን ደግሞ የላሊበላ ተራሮች አሉ።

አሸተን ማርያምን የመረጥኩት ለጀማሪ ልክ ስለሆነ ነው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ገዳሙ 3,150 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሽቅቡ 650 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ላይ በአለት ስንጥቅ መሐል ታልፉና ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ትደርሳላችሁ። ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሮት ነአኩቶ ለአብ እንዳስጨረሰው ይነገራል። እግረ መንገዳችሁን ገደሉን፣ የጤፍና የገብስ ማሳውን፣ የሳር ክዳን ቤቱን ታያላችሁ።

ከእሱ በላይ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ አለ። ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጅብራ የሚበቅልበት፣ ጭላዳ የሚውልበት፣ ቀይ ቀበሮ የሚገኝበት ደጋ ነው። አምሮኝ ያውቃል፣ እናንተንም ያምራችኋል። ግን በአንድ ቀን ከላሊበላ ደርሶ መልስ ብላችሁ አትነሱ። እሱ ቢያንስ አንድ አዳር ይፈልጋል። አሸተንን ሳትቸገሩ ወጥታችሁ ከወረዳችሁ በኋላ አስቡት።

3. ወሩን ለዩ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር የሚወዳደረው የለም። አየሩ ታጥቧል፣ ምንጩ ሞልቷል፣ በመስከረም አደይ አበባው አለ። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ደረቅና ጥርት ያለ ነው፣ ጠዋቱ ግን በውርጭ ይቆነጥጣል። ላሊበላን በገና ሰሞን ካሰባችሁ ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ፣ ከተማው በምዕመን ይጥለቀለቃል።

የወሎ ደጋ በልግ እንዳለው አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠዋት ጠራርጎ ከሰዓት በኋላ በረዶ ሊያወርድ ይችላል። በእነዚህ ወራት መመለሻ ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ቀደም አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው፣ ጉሙና መብረቁ ስላለ ባትሄዱ ይሻላል።

4. ሰዓቱን ከማታ ጀምራችሁ ቁጠሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ከታች ጀምሩ። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። በኅዳር ግን 12 ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ተራራው ስለሚጋርዳት ከዚያም ቀድማ ትጠፋለች። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ከተማ መግባት አለባችሁ። የሚቀሩት ሁለት ሰዓቶች የመጠባበቂያ ናቸው። ለዞረ ቁርጭምጭሚት፣ ለሳቱት መንገድ፣ ለድንገተኛ ዝናብ ናቸው። ለፎቶ አይደሉም።

ከ10 ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ወደ ቤት የምትዞሩበት ሰዓት ይመጣል። እኔ ሁልጊዜ 6 ሰዓትን ይዣለሁ። የትም ብሆን 6 ሰዓት ላይ ፊቴን ወደ ኋላ አዞራለሁ። ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እዞራለሁ። «ይሄ እኮ ቅርብ ነው፣ እንጨርሰው» የሚል ጓደኛ ሁሌም አለ። ለዚህ ነው ሰዓቱ ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ባለበት ተነግሮ፣ ሁሉም እሺ ብሎ መወሰን ያለበት። ላይ ከወጡ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። ደስታው አለ፣ ድካሙ አለ፣ ይሉኝታው አለ።

አሁን መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንገምት። ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ ይላል። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 650 ሜትር የሆነ መንገድ እናስብ። ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለሽቅቡ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ።

ይህ ግን ለለመደ እግርና ለዝቅተኛ ተራራ ነው። በእኛ ደጋ አየሩ ቀጭን ነው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 70 በመቶ ያህሉ ነው። መንገዱም ኮረት ይበዛበታል። ስለዚህ በአንድ ተኩል አባዙት። አምስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ለዕረፍትና ለምሳ አንድ ሰዓት ከሩብ ጨምሩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ብትነሱ 7 ሰዓት ላይ ትመለሳላችሁ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ሦስት ሰዓት ተርፏችሁ። ይህ ጤናማ ዕቅድ ነው። በዚያው መንገድ 4 ሰዓት ላይ ብትነሱ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። መጠባበቂያውን መብላት ጀምራችኋል ማለት ነው።

ርቀቱን ከየት ታገኙታላችሁ? ማፕስ ሚ የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ። የገጠር መንገዶችን በከፊል ያሳያል። ከዚያ በላይ ግን ሰው ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ዘዴ አለው። እረኛን «ሩቅ ነው?» ብትሉት «እዚህች ጋ ናት» ይላችኋል። አይዋሽም፣ ለእሱ እውነትም እዚህ ናት። በእሱ እግር ግማሽ ሰዓት የሆነው በእናንተ እግር አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። እኔ የማምነው ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ውለው ሸክም ይዘው ወደ ላይ የሚመለሱ እናቶችን ነው። «እማማ፣ ከገበያ ሲመለሱ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» በሏቸው። ሸክም ያለበት እግር ከከተሜ እግር ጋር ይቀራረባል።

5. ሰው ይወቅላችሁ፣ ሰው ይምራችሁ

የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ። መንገዱ ግልጽ ቢሆንም ያዙ። መንገድ ከማሳየት በላይ ሰላምታ ይሰጥላችኋል። እሱ ያለበት ቡድን እንግዳ ነው፣ እሱ የሌለበት ቡድን ግን ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ነው። ዋጋውን፣ የሚመለስበትን ሰዓትና የምሳውን ነገር ዋዜማውን ተነጋገሩ። ጉልበቱ የደከመ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው አብሯችሁ ካለ በቅሎ ተከራዩ። ቁልቁለቱ ላይ ግን መውረድ ይሻላል፣ ለሰውም ለበቅሎዋም።

ቤት ለሚቀር አንድ ሰው መልእክት ተዉ። የት እንደምትሄዱ፣ በየት በኩል፣ ስንት ሆናችሁ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። «12 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለዚህ ሰው ደውይ» ብላችሁ የአስጎብኚውን ስልክ ስጧት። ተራራው ላይ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።

6. ጫማና ልብስ

አዲስ ጫማ ለጉዞ ቀን አታውጡ። ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ልበሱት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቢሆን መልካም ነው። ከሌለ የሚመች ስኒከር ይበቃል። ካልሲ ግን ሁለት ጥንድ ያዙ። የረጠበ ካልሲ ውኃ ያስቋጥራል። እግር መቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከቋጠረ በኋላ ዘገየ።

ልብስ ደርባችሁ ልበሱ። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሽቅብ ላይ በላብ ትነከራላችሁ፣ ጫፉ ላይ ንፋሱ ያንን ላብ በረዶ ያደርገዋል። ቀጭን ሹራብ፣ ንፋስ የሚከለክል ጃኬት፣ ኮፍያ። የደጋ ፀሐይ ቆዳ ትልጣለችና ነጠላም ቢሆን ያዙ። ዱላ አትርሱ። አገሬው ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም የሚይዘው። ቁልቁለት ላይ የጉልበት ወዳጅ ነው።

7. ስንቅና ውኃ

ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ። በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ብታስቡ ልክ ይመጣል። የምንጭ ውኃ ጥርት ቢልም ከላይ ከብት ይውልበታል። አፍልታችሁ ወይም ውኃ አጋር ጨምራችሁ ብቻ ጠጡ። ውኃ አጋር ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ ቸኩላችሁ አትጎንጩት።

ምግቡን በተመለከተ የወሎ ልጅ የሚያውቀው ነገር አለ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊሆን ይችላል። አስጎብኚያችሁ ረቡዕና ዓርብ ይጾም ይሆናል። ሥጋው የማን እንደሆነ ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት የሚበላውን ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽሮ ፍትፍት። እኔ በሶን የሚያህል የተራራ ምግብ አላየሁም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃና በትንሽ ጨው ወይም ስኳር በጥብጣችሁ ትጠጡታላችሁ። ጾም ላይ ያለ ሰው ግን እሱ በፈለገው ጊዜ ዕረፍት ያድርግ። በረመዳን ሙስሊም አስጎብኚን በፀሐይ ሽቅብ አታስወጡት። ዓርብ ከሆነ ጁምዓ ሰዓቱን ጠይቁት።

ከዚህ ሌላ፦ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ (በቀንም ቢሆን)፣ ፊሽካ፣ የተሞላ ስልክ፣ ዝርዝር ብር፣ ፌስታል ለቆሻሻ። ለልጆች ከረሜላ አትበትኑ። መስጠት የፈለገ ሰው ለትምህርት ቤቱ ወይም ለገዳሙ ይስጥ።

8. መንገድ ላይ

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሆን ብላችሁ ቀስ በሉ። እየተራመዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። የቡድኑ ፍጥነት የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። እሱን ከፊት አድርጉት፣ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል።

ቤት አጠገብ ስትደርሱ ከሩቅ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» በሉ። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ አስመስሉ። ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና የእብድ ውሻ ክትባት ለማግኘት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ ነገ የማይባል ነው። የራሳችሁን ውሻም ይዛችሁ አትውጡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ በኢትዮጵያ ብቻ ነው ያሉት። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ይፈጃቸዋል።

ጭላዳ ካጋጠማችሁ ተቀመጡና እዩት። ሳር እየነጨ ይበላል፣ አይተናኮላችሁም። ምግብ አትስጡት። ምግብ የለመደ መንጋ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ከፍታው ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል፣ በተለይ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በዚያው ሳምንት የመጣን ሰው። አርፎ ካልተሻለው ውረዱ። 300 ሜትር መውረድ ከኪኒን ይበልጣል።

መብረቅ ካያችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ ከሸንተረሩ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ተበታትናችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉ።

አሸተን ስትደርሱ ጫማ አውልቁ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ የመግቢያውን ክፈሉ። አባቶች መስቀሉንና የብራና መጻሕፍቱን ያሳያሉ። ፍላሽ አጥፉ። ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ስለሆነ ምዕመን ይበዛል። ጸጥታ የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ።

6 ሰዓት ሲሆን ተነሱ።

ቁልቁለቱን አጫጭር እርምጃ አድርጉ፣ ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፉ። አደጋ የሚበዛው እዚህ ነው፣ ሰው ደክሟል፣ ሐሳቡም ቤት ገብቷል። ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ መልእክት ለተዋችሁለት ሰው ደውሉ። ከዚያ ጫማ አውልቃችሁ እግራችሁን ለብ ባለ ውኃ ንከሩ። ቡና ካለ እስከ በረካ ተቀመጡ። ቡናው እስኪፈላ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የተነሳችሁበት፣ ላይ የደረሳችሁበት፣ የተመለሳችሁበት ሰዓት። የሚቀጥለውን ጉዞ ስታቅዱ ከኔይስሚዝ ስሌት ይልቅ በእነዚህ ቁጥሮች ተጠቀሙ።